በሐምሌ ያልደረቁ ጨርቆች

ባለቤቴ ከሥራ በወጣ ሰሞን ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የተፈረደበት ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነው። የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት በጀቱ ተቆርጦ ሠራተኛውን ሲበትን እኔ ለመውለድ ተቃርቤ ነበር። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር የነበረንን ሰፊ አፓርታማ ለቀን ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ጀርባ የተደበቀች ጠባብ ቤት ተከራየን። ማሽኑን በሰው አሸክመን ደረጃውን አወጣነው። ገብቶ ቦታውን እንደያዘ ባለቤቴ ሶኬቱን ነቀለና ገመዱን ጠቅልሎ ከጀርባው ወሸቀው። "ይሄ ቶክን ይጨርሳል" አለኝ። እዚህ መብራት የሚገኘው አስቀድሞ በስልክ ተከፍሎ ነው፤ ቶክን ተብሎ የሚላከው ቁጥር ቆጣሪው ላይ ካልተሞላ ቤቱ ይጨልማል። ማሽኑም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሽንኩርትና የድንች ማስቀመጫ ሆነ።

ከማሽኑ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣች የምታጥብልን ሴት ቀረች። ከዚያ ሙቅ ውሃ ቀረ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ለተራበ አገር በጀት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ያ ሁሉ ችሎታ ካልሲና ፎጣ ላይ ወረደ። ሸሚዝ ደጋግሞ ይለበሳል፣ ጂንስ ካልሸተተ አይታጠብም፣ የታጠበበት ውሃ አይደፋም፣ ለመጸዳጃ ቤት ይቀመጣል ብሎ ደነገገ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። "ሥራ ስትፈታ ሚኒስትር ሆንክብኝ እኮ!" አልኩት አንድ ቀን። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የማውቀው ሳቅ አልነበረም። እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ እሰማው ስለነበር ከዚያ በላይ አልተናገርኩትም።

ልጃችን ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ። ወንድ ነው፤ በጣም ትንሽ። ሆስፒታል አቆይተውት ሲያሰናብቱን ዶክተሯ አጥብቃ አስጠነቀቀችን። ብርድ እንዳያገኘው፣ ጡት መጥባቱንም እንድንከታተል ነገረችን። "አልጠባም ካለ ወይም እንቅልፍ ካበዛ ዛሬ ነገ ሳትሉ አምጡት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ጊዜ አይሰጥም" አለች። ጊዜ አይሰጥም ያለችው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሲተነፍስ ደረቱን እያየሁ ነበር የምውለው።

እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት ከገንፎ ዱቄቱና ከቅቤው ይልቅ የሚበዛው ጨርቅ ነበር። ያረጁ ነጠላዎች፣ የአባቴ የጥጥ ሸሚዞች፣ አጠባ ብዛት ያለሰለሳቸው አንሶላዎች፣ ሁሉም በልክ ተቀደው ጠርዛቸው ተዘምዝሟል። "ዳይፐር የምትሉትን ነገር ተዉት" አለች። "ገንዘባችሁን ቆሻሻ ውስጥ ከምትጥሉ በዚህ ይደግ። አንቺም ያደግሽው በጨርቅ ነው።" ባለቤቴ ጨርቁን አንድ በአንድ እያነሣ አየና "እማማ፣ እርስዎ እኮ ፋይናንስ ክፍል መግባት ነበረብዎ!" አላት። ገና የመንገዱ ድካም ሳይወጣላት ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ።

የእናቴ ሕግ አንድ ነበር፤ አራስና ብርድ አይገናኙም። ራሴ በሻሽ ይታሰራል፣ እግሬ ካልሲ ውስጥ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አልነካም፣ መስኮት አይከፈትም። ኬንያውያን ደግሞ ቤት ሲሠሩ ከመስኮቱ በላይ የማይዘጋ ቀዳዳ ይተዋሉ። ወንፊት ተገጥሞበት ቀን ከሌት አየር ያስገባል። እዚህ የምንኖር ሐበሾች ቤት ስንከራይ መጀመሪያ የምንደፍነው እሱን ነው፤ አንዱ በካርቶን፣ አንዱ በፕላስቲክ፣ አንዱ ባረጀ ትራስ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ተከፈተ ብለን የምንጣላ ሰዎች እንዲህ ያለ ግድግዳ እንዴት እንችላለን? እናቴ የመኝታ ክፍሉን ቀዳዳ ስታይ "ይሄንን ደግሞ ምን ነክቷቸው ነው ሳይጨርሱ የተዉት?" ብላ ተገረመች። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ከዕቃ መጫኛው የተረፈ ካርቶን በልኩ ቆረጠና በፕላስተር ዙሪያውን ለጠፈው። የመስኮቱንም ስንጥቅ በዚያው ዞረበት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እኔም አመሰገንኩት።

ችግሩ ፀሐይ ነበር። ናይሮቢ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሳይዘንብ ክረምት ነው፤ ሰማዩ እንደተከደነ ነግቶ እንደተከደነ ይመሻል። እናቴ ጨርቁን በሳፋ አጥባ፣ ጨምቃ፣ እያቃሰተች ጣራ ወጥታ ታሰጣዋለች፤ ሲመሽ እንዳለ እርጥቡን ታወርደዋለች። ሕፃን ደግሞ ጨርቅ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ብዙም ሳይቆይ የደረቀ ጨርቅ አለቀብን። "እታች መንገዱ ላይ ማድረቂያ ያለው ላውንድሪ አለ" አልኩ። ሁለቱም የሰደብኳቸው ይመስል አዩኝ።

በማግስቱ ኢስትሊ ገበያ ሄደው ጂኮ ይዘው ተመለሱ፤ እዚህ የከሰል ምድጃውን ጂኮ ነው የሚሉት። መጀመሪያ በረንዳው ላይ ይቀጣጠል ነበር፤ ጨርቁም ዙሪያውን ይሰቀላል። አንድ ጠዋት ኬርቴከሩ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ መጣና ግድግዳው ላይ የተቀባውን ጥቀርሻ በጣቱ እያሳየ "ማማ፣ ሀፓና ጂኮ ሀፓ!" ብሎ ጮኸባት። እናቴ ስዋሂሊ ባትችልም ነገሩ ገባት፤ በረንዳ ላይ እሳት ተከለከለ። ባለቤቴ ይቅርታ ጠየቀው። ሰውየው ደረጃውን ሲወርድ እናቴ ጂኮውን ትኩር ብላ አየችና "እንዲያውም ክፍሉንም ያሞቅልናል" አለች። ባለቤቴ መዶሻ ፈልጎ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠረ።

ከሰል እንደሚገድል የማያውቅ ሐበሻ የለም። እናቴም ታውቃለች፤ እንደሷም የሚጠነቀቅ የለም። ጂኮውን ጣራው ላይ አቀጣጥላ እያራገበች ትቆማለች፤ ጭስ የምታወጣ ጥቁር ፍሬ ካየች በጉጠት ለቅማ ትጥላለች። ወደ ቤት የሚወርደው ፍሙ ሁሉ ቀልቶ፣ ስስ አመድ ለብሶ ሲረጋ ነው። "የሚገድለው ጭሱ ነው። ጭሱ ከወጣለት በኋላ ሙቀት ብቻ ነው" ትላለች። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ባለቤቴም እንደዚያው።

ክፍሉ ደስ የሚል ክፍል ሆነ። ከራሳችን በላይ ጨርቅ ተደርድሮ ይተናል፣ መስኮቱ ያልበዋል፣ ሁሉ ነገር ሳሙናና ትኩስ ጥጥ ይሸታል። ባለቤቴ ጨርቁ በአንድ ከሰዓት ሲደርቅ አይቶ እናቴን ግንባሯን ሳማት። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ፍሙን እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ያ ደስ ማለቱ ነው።

ራስ ምታቱ ጠዋት ጠዋት ጀመረኝ። "ሻሽሽን ፈትተሽ ስለተኛሽ ነው" አለች እናቴ፤ አጥብቃ አሰረችልኝ። ማቅለሽለሽ ሲጨመርበት ቅቤው በዝቶብሽ ነው አለች። እሷንም ራሷን ያማት ጀመር፤ የአገሩ አየር ነው ብላ ተወችው። ጨርቅ ልታሰጣ ጣራ ወጥታ ስትመለስ ግን ይሻላታል። "ደረጃው ጤና ሰጠኝ" እያለች ትስቃለች። ባለቤቴ ሳሎን ነው የሚተኛው፣ ቀን ሥራ ፍለጋ ሲዞር ይውላል፤ እሱ ምንም አይሰማውም። ለሁሉም ነገር ምክንያት አግኝተንለት ነበር።

ልጁ ደግሞ ዝም እያለ ሄደ። ከሆስፒታል ሲወጣ ድምፁ ቀጭን ይሁን እንጂ ያለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ሲርስ እንኳ አይነጫነጭም። ጡት ይይዝና ትንሽ ስቦ ዓይኑን ይከድናል። "ሙቀቱ ተስማማው" አለች እናቴ። ጉንጩ ቀላ ሲል አይታ ደግሞ "ደም ገባው ልጄን!" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ኢስትሊ ሱቅ ያላት ወዳጄ አራስ ልትጠይቅ መጥታ አቀፈችው። "ማሻአላህ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው?" አለች። ብዙም ሳትቀመጥ ግን ላብ ላብ አላት፤ የቀረበላትን ሻይ ሳትጨርስ ተነሣች። በር ላይ ግንባሯን እየያዘች "እህቴ፣ ቤታችሁ ይከብዳል፤ ትንሽ አየር አስገቡበት" ብላኝ ሄደች።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ መስኮቱን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አላውቅም፤ እጄን አፈፍ አደረገችው።

"አይከፈትም!"

"እማዬ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ። ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።"

"ይፍለጥሽ! ራስ ምታት ገድሎ አያውቅም። የሚገድለው ብርድ ነው።"

ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም፣ ፈርታ ነበር። እኔ ደግሞ ንዴቴ መጣ። "የራሴ ቤት እኮ ነው!" አልኳት፤ ለእናቴ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። እሷ ከመስኮቱ ፊት አልተንቀሳቀሰችም። ልከራከራት ጉልበት አጣሁ፤ ተመልሼ ጋደም አልኩ።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ልጁ እንቅልፍ አብዝቷል አልኩት። "የሕፃን ሥራው መተኛት አይደል?" አለኝ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ሰማ። ዶክተሯ ያለችውን አስታወስኩት። "እሺ፣ ነገ ከቃለ መጠይቁ ስመለስ እንወስደዋለን" አለ። ሥራ ፍለጋ ከጀመረ ወዲህ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ለአንድ ቀን ብዬ እሺ አልኩ።

ክርስትናው ተቃርቦ ስለነበር እናቴ በማግስቱ የቤቱን ነጭ ልብስ ሁሉ አጠበች፤ ቀሚሴን፣ ነጠላዎቹን፣ የባለቤቴን ጋቢ። ጋቢ ውሃ ከጠጣ በቀላሉ አይደርቅም። ሲባጎው አልችለው ሲል በሩን ዘግታ በሩ አናት ላይ አንጠለጠለችው፤ እስከ መሬት ወርዶ ከታች ያለውን ክፍተት ሸፈነው። ለጋቢው ስትል ጂኮውንም ከወትሮው አብልጣ ሞላችው። ባለቤቴ ሱፉን ለብሶ ወጥቷል። ከሰዓት ቢሆንም ክፍሉ ጨለም ብሎ የሚታየው ፍሙ ነበር።

ልጄን ላጠባው አነሣሁት። አልነቃም። ጉንጩን ነካካሁት፣ ውስጥ እግሩን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩት። አንገቱ ክንዴ ላይ ተልፈሰፈሰ።

"እማዬ" አልኩ።

እናቴ ጂኮው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች። አፏ ትንሽ ከፈት ብሏል። "እማዬ!" አልመለሰችልኝም። ልነሣ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ልጄም እናቴም ከፊቴ ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ለመጮህ ብሞክር የወጣው ሹክሹክታ ነው። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ልጁን በአንድ እጄ ደረቴ ላይ አጣብቄ በሌላው ለመነሣት ሲባጎውን ያዝኩ። ሲባጎው ከነጨርቁ ተበጥሶ ወረደ። እርጥቡ ጨርቅ ጂኮው ላይ አርፎ ቸስ አለና ጭሱ ክፍሉን ሞላው።

ከጭስ መሸሽ ሁላችንም እናውቃለን። ጭሱ ጉሮሮዋን ሲይዛት እናቴ እያሳለች ባነነች። "እሳት! እሳት!" እያለች ጋቢውን ጎትታ ጣለችና በሩን በረገደችው። እኔ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቅኩ ሳሎኑን አቋርጬ በረንዳው ላይ ደረስኩ። ቀዝቃዛው አየር ሲመታኝ አስመለሰኝ። ኬርቴከሩ ጭሱን ከታች አይቶ ሊቆጣ እየጮኸ ወጣ፤ ልጁን ሲያይ ቁጣውን ተወው። ተቀብሎኝ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ፣ ታክሲ ውስጥ ከተተን። መንገዱን ሁሉ እናቴ የታክሲውን መስኮት ለመዝጋት ትታገላለች፣ እኔ እከፍታለሁ።

ሆስፒታል ልጁን ከእጄ ነጥቀው አስገቡት፤ ለእኔና ለእናቴም ኦክስጅን አደረጉልን። ባለቤቴ ሱፉን እንደለበሰ መጣ። ስለ ቃለ መጠይቁ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ "ለጨርቅ ብዬ" አለ፤ ደግሞ "ለጨርቅ" አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ሳየው ግን አዘንኩለት።

ዶክተሯ፣ ያቺው የመጀመሪያዋ፣ ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችን ቤት ውስጥ ከሰል እናነድ እንደሆነ ነው። አዎ አልኳት። ልጁ እየተነፈሰ ነው፣ ግን የከሰሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ በራሱ ነቅቶ እስኪጠባ ድረስ ምንም ልንላችሁ አንችልም አለችን። እናቴ ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ። "ጠይቂልኝ። ጭስ እኮ የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ ነው ያስገባሁት።"

ጠየቅኩላት። "ይሄ ጭስ የለውም፣ ሽታም የለውም" አለች ዶክተሯ። "ቀይ ፍምም ያወጣዋል።"

"ቤቱ ዝግ ከሆነ?" አልኳት።

"ቤቱ ዝግ ሲሆን ነው የሚገድለው።"

ነገርኳት። እናቴ ቀሚሴን አልለቀቀችም። "ትንሽ መስኮት ቢከፈትስ በያት። ገርበብ ቢል።"

"ቀደም ብሎ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እዚህ አትመጡም ነበር" አለች ዶክተሯ። እኔም ምን እንደማደርስ ሳላስብ እንዳለ ተረጎምኩላት።

ዶክተሯ ተመልሳ ገባች። ባለቤቴ ሊከፍል ሄደ። እናቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን እጇ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቀና ሳትል "ከአንቺ በፊት የነበረው" አለች።

ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ በአራስነቷ እንደሞተባት አውቃለሁ። ብርድ መትቶት ነው ይባል ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ቤታችን ውስጥ የሚያወራ አልነበረም።

"ክረምት ነበር" አለች። "ጨርቁ አልደርቅ ብሎን ከሰል አስገባን። እኔ ራሴን አመመኝ፤ ሊፈነዳ ደረሰ። ሁሉም ተኝተው ስለነበር መስኮቱን በጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ ለትንሽ ብዬ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት አማቼ ገብታ ልጁን ነካችው፣ ከዚያ መስኮቱን አየችው። 'አንቺ ነሽ፤ ንፋስ አስገብተሽ ገደልሽው' አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ።"

እጇን ያዝኩት። ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ራሷን ስትኮንን ኖራለች፤ አሁን ሸክሙ ይቀልላታል ብዬ ነበር። "እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ሰምተሻል እኮ፤ መክፈትሽ አይደለም የገደለው" አልኳት።

"ሰምቻለሁ" አለች። "ዘግይቼ ነው የከፈትኩት።"

ያኔ በሩ ተከፈተና ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ። እየጨመረ፣ እየተናደደ ሄደ። ነርሷ ብቅ ብላ በእጇ ጠራችኝ፤ ልጁ ነቅቷል፣ ርቦታል። ተነሣሁና እናቴን ብብቷን ይዤ ላስነሣት ሞከርኩ። "ነይ እንጂ እማዬ፣ ነይ እይው!"

አልተነሣችም። እጄን ከብብቷ ቀስ ብላ አወጣችው።

"ሂጂ አጥቢው" አለችኝ። "እኔ ትንሽ ከዚያኛው ጋር ልቀመጥ።"